ቤተ ሰማቲና የጠፋው ዘመን

የሰሜን ኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋማ ምድር የጥንት ንግድ ታሪክ ለረጅም ጊዜ ሲተረክ የኖረው መሀሉ ተቆርጦ ነው። መጀመሪያ የሐ ከነታላቁ ቤተ መቅደሷ ትመጣለች፤ ቀጥሎ ጨለማ ይሆናል፤ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ1ኛው መቶ ዘመን አክሱም ብቅ ትላለች። ለአክሱም ምስክር የሚጠራውም በአዱሊስ ወደብ የዝሆን ጥርስ እንደሚሸጥ የሚገልጽ አንድ የግሪክኛ ሰነድ ነው። መሀሉ «የውድቀት ዘመን» ተብሎ ታለፈ። ለነገሩ ያልተቆፈረን ቦታ ባዶ ማለት ቀላል ነው።

ከየሐ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ቤተ ሰማቲ 14 ሄክታር ያህል የሚሸፍን የፍርስራሽ ጉብታ ነው። የአርኪዮሎጂስቱ የማይክል ሃሮወር ቡድን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ቆፍሮት ውጤቱን በ2019 አሳተመ። በራዲዮካርቦን ልኬት መሠረት ሰው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ750 ገደማ አንሥቶ እስከ ድኅረ ልደት 650 ገደማ ኖሮበታል። ከየሐ ዘመን እስከ አክሱም ማብቂያ ማለት ነው፤ ተቋረጠ የተባለውም ዘመን እዚያው ውስጥ አለ።

መነሻው ዓመት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ድረስ ልኬቱን ወደ ዓመት የሚመልሰው መስመር ጠፍጣፋ ስለሆነ አንድ ናሙና በመቶዎች ዓመታት ሊዋዥቅ ይችላል። ስለዚህ የአፈሩን ንብርብር ቅደም ተከተል አብሮ ማንበብ ግድ ነው። የአክሱም ዘመን ልኬት በአንጻሩ ጠበብ ይላል።

ይበልጥ የሚገርመው በ4ኛው መቶ ዘመን የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ነው። በግቢው ውስጥ ከመስቀል ጎን ማኅተሞች፣ ሳንቲሞችና ከአቃባ ወደብ የመጡ እንስራዎች ስብርባሪ ተገኝተዋል። የወርቅ ቅብ ያለው የመዳብ ቅይጥ ቀለበትም አለ፤ ፈርጡ ቀይ ካርኔሊያን ሲሆን የበሬ ራስ ተቀርጾበታል። ቅርጹ የሮማውያንን ጌጥ ይመስላል፤ በሬው ግን የአገሩ ነው። ጸሎትና ንግድ አንድ አጥር ሲጋሩ ማየት ለእኔ ከቀለበቱ ወርቅ ይበልጣል።

አዱሊስም ዘመኗ እንደገና እየተለካ ነው። ጣሊያናዊው አርኪዮሎጂስት ፓሪቤኒ እ.ኤ.አ. በ1907 ሲቆፍራት ራዲዮካርቦን አልነበረም። በ2022 የታተመው ጥናት አንዱን ቤተ ክርስቲያን ከ400 እስከ 535፣ ሌላውን ከ480 እስከ 625 ባለው ጊዜ መድቧቸዋል። የወደቧ አብያተ ክርስቲያናትና የደጋው ጉብታ አሁን በአንድ ዓይነት ሰዓት ይነበባሉ፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ደግሞ አብዛኛው ገና አልተቆፈረም።