የአምበር ማሳና የናይትሮጅን መንገድ

አምበር በምሥራቅ ጎጃም የአነደድ ወረዳ ከተማ ናት፤ ዙሪያዋ የጤፍና የስንዴ አገር ነው። ገበሬው የአፈሩን ጉልበት ለዘመናት የጠበቀው እህልን ከባቄላ፣ ከሽምብራና ከጓያ ጋር እያፈራረቀ በመዝራት ነው። በጥራጥሬ ሥር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ይዘው ለሰብሉ ያደርሳሉ። ደኑ ሲመናመን ግን ለማሳ የሚሆነው ፍግ ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ገባ።

ፋብሪካ ሠራሽ ማዳበሪያ በኢትዮጵያ ገበሬዎች ማሳ ላይ በስፋት መሞከር የጀመረው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1960ዎቹ የሚኒመም ፓኬጅ ፕሮግራም፣ ከ1987 ዓ.ም. ወዲህም አዲሱ የኤክስቴንሽን ሥርዓት ዳፕና ዩሪያ የተባሉትን ማዳበሪያዎች ወደ ገጠር አስገቡ። 50 ኪሎ የሚመዝን የዩሪያ ከረጢት 23 ኪሎ ናይትሮጅን ይይዛል፤ ይህም በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የሚመጣ ነው። በያዩ ከድንጋይ ከሰል ዩሪያ ለማምረት የታቀደው ፋብሪካም ሳይጠናቀቅ ቀርቷል።

ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው። በሐበርና በቦሽ ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. ከ1913 ጀምሮ፣ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ይዋሃዳሉ። ሃይድሮጅኑ ዛሬ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ይገኛል፤ ከውኃም ግን ሊወጣ ይችላል። ኖርዌይ ይህን በፏፏቴ ኃይል ሠርታበታለች። ለጎጃም ይበልጥ የሚቀርበው በግብፅ ያለችው የአስዋን ታሪክ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የኪማ ፋብሪካ በዓባይ ውኃ የመነጨውን ኤሌክትሪክ ተጠቅሞ ሃይድሮጅንን ከውኃ ለይቶ ማዳበሪያ ሠርቷል። ከጎጃሙ የጮቄ ተራራ የሚወርዱት ወንዞች ዓባይን ከሚሞሉት መካከል ናቸው።

ተመራማሪዎች አሁን የሚሹት ከዚህ ያጠረ መንገድ ነው፤ ናይትሮጅንን በውኃ ውስጥ፣ በተራ ሙቀት፣ በኤሌክትሪክ ብቻ ወደ አሞኒያ መለወጥ። ችግሩ ኤሌክትሪኩ ወደ ውኃው ከሚገባበት ከኤሌክትሮዱ ይጀምራል። ናይትሮጅን በውኃ የሚሟሟው በጣም ጥቂት ነው፤ ሁለቱን አተሞቹን ያሰረው ሦስት እጥፍ ትስስርም በቀላሉ አይፈታም። ስለዚህ አብዛኛው ኤሌክትሮን ናይትሮጅኑን ትቶ ከውኃው ሃይድሮጅን ያወጣል። የሚገኘው አሞኒያ ከማነሱ የተነሳ ከአየር ወይም ከዕቃው የገባ ብክለት ውጤት መስሎ ተመራማሪውን ሊያሳስት ይችላል፤ በመሆኑም የአተም ክብደቱ 15 በሆነ ናይትሮጅን ማረጋገጥ ግድ ሆኗል። ዘዴው ገና ከላቦራቶሪ አልወጣም።

በኢትዮጵያ ደግሞ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር ስምምነት የተፈረመበት የጎዴ ዩሪያ ፋብሪካ መነሻ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። የህዳሴ ግድብ በተመረቀበት አገር ግን አስዋን የሄደበት የውኃና የኤሌክትሪክ መንገድም በቁም ነገር ሊጠና ይገባዋል።