የአንድ ጉልደን ኪራይ፤ የአውግስቡርግ የድኾች መንደር ታሪክ

ድኻ ሰው ቤቱን የሚያጣው በአንድ ቀን አይደለም። አስቀድሞ በሽታ ይገባል፤ በሽታው ሥራ ያስፈታል፤ ሥራ ሲፈታ የዕለቱ ገቢ ይቀራል፤ ገቢው ሲቀር የወሩ ኪራይ ይዘገያል። አንዱ ወር በሌላው ላይ ሲደረብ ባለቤቱ መጥቶ ደጅ ይቆማል፤ ዕቃውም ወደ ውጭ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ያ ሰው ተከራይ መባሉ ቀርቶ ጐዳና አዳሪ ይባላል። እነዚህን ሁለት ስሞች የሚለያያቸው ብዙ ጊዜ ጥቂት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከወደቀ በኋላ ከሚያነሣው እጅ ይልቅ ሳይወድቅ የሚደግፈው እጅ ይበልጥ ይጠቅመዋል። ይህን ነገር በቃል ሳይሆን በግንብ የገለጸ አንድ ሥራ በጀርመን አገር በአውግስቡርግ ከተማ ይገኛል፤ ከተሠራ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም ሰው ይኖርበታል።

አውግስቡርግ በደቡብ ጀርመን በሌኽ ወንዝ አጠገብ ያለች ጥንታዊት ከተማ ናት። ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሲሆን፥ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሕዝቧ 30000 ያህል ነበረ፤ ከዚህም ውስጥ እጅግ ብዙው በሽመና ሥራ ይተዳደር ነበር። በ1367 ሐንስ ፉገር የሚባል አንድ ሸማኔ ከአጠገቡ ካለ መንደር ተነሥቶ ወደዚህች ከተማ ገባ። የልጅ ልጁ ያዕቆብ ፉገር በ1459 ተወለደ። ይህ ሰው በጨርቅ ንግድ፥ በቲሮልና በሀንጋሪያ ከተራራ በሚቈፈረው ብርና መዳብ፥ ለነገሥታትም ገንዘብ በማበደር በዘመኑ ከነበሩት የአውሮፓ ነጋዴዎች ሁሉ በሀብት በለጠ፤ ስለዚህም «ባለጸጋው ያዕቆብ» ተባለ። በ1519 ካርል 5ኛ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ይመረጥ ዘንድ ለመራጮቹ መሳፍንት 850000 ያህል ጉልደን ሲሰጥ፥ ከዚህ ውስጥ ከ540000 የሚበልጠውን ያበደረ እርሱ ነበረ። ከአራት ዓመት በኋላም ብድሩ ሳይከፈል በዘገየ ጊዜ፥ ያለ እርሱ እርዳታ ዘውዱ ባልተገኘ ነበር ብሎ ለንጉሠ ነገሥቱ በደብዳቤ ለማሳሰብ አልፈራም።

በዚያ ዘመን በጀርመን ከተሞች ድኻ በሁለት ይከፈል ነበር። አንደኛው በአደባባይና በቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሞ የሚለምነው ነው፤ ይህን መንገደኛ ሁሉ ያየዋል፤ መጽዋችም ፈጽሞ አያጣም። ሁለተኛው ግን በቤቱ ተቀምጦ በእጁ ሠርቶ የሚያድር፥ ሥራው ከዕለት ጕርሱ የማይተርፍለት፥ ቢቸግረውም ይሉኝታ ይዞት እጁን የማይዘረጋ ነው። ጀርመኖች ይህንን «የቤት ድኻ» ይሉታል። የቤት ድኻ ችግሩ ለሌላው ሰው የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ከቤቱ ከወጣ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የቤት ድኻ መሆኑ ቀርቷል።

ያዕቆብ ፉገር ያሰበው ለዚህ ለሁለተኛው ነበረ። በከተማው ዳርቻ በቅዱስ ያዕቆብ ሰፈር ቦታ ገዛ፤ ቶማስ ክሬብስ የሚባለውንም የግንበኞች አለቃ አሠራው፤ እስከ 1523 ድረስ 52 ቤቶች ተፈጸሙ። በ1521 ነሐሴ በገባ በ23ኛው ቀን፥ በስሙና ከእርሱ አስቀድመው በሞቱት በሁለቱ ወንድሞቹ በኡልሪኽና በጊዮርጊስ ስም፥ መንደሩ ለዘለዓለም የድኾች ማደሪያ ይሆን ዘንድ የሥርዐቱን መጽሐፍ አጻፈ። መንደሩም በቤተ ሰቡ ስም ፉገራይ ተባለ።

አሠራሩን ያየ ሰው የመሥራቹን አሳብ ይረዳል። በዙሪያው ቅጥር አለው፤ በውስጡ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ቤቶቹም ባለ ሁለት ደርብ ሆነው በተርታ ተሠርተዋል። በምድር ቤቱ አንድ ቤተ ሰብ፥ በላይኛው ደርብ ሌላ ቤተ ሰብ ይኖራል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ወደ መንገድ የሚያወጣ የራሱ በር ተደርጎለታል። በየበሩ ያለው የደወል መሳቢያ ብረት ቅርጹ ልዩ ልዩ ነው፤ ይኸውም የመንገድ መብራት ባልነበረበት ዘመን ሰው በጨለማ ሲመጣ በእጁ ዳስሶ የገዛ ደጁን እንዲለይ ነው ይባላል። ድኾችን በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ በተርታ ማስተኛት እጅግ ይረክስ ነበር። ፉገር ግን ለድኻው መኝታ ብቻ ሳይሆን ደጅ ሰጠው፤ ደጅ ያለው ሰው ደግሞ ቤተ ሰቡን ሰብስቦ፥ እንግዳውን ተቀብሎ፥ በጎረቤቱ ዘንድ በስሙ ታውቆ ይኖራል።

ኪራዩ ለዓመቱ ሙሉ አንድ የራይን ጉልደን ሆነ። ከዚህም ሌላ በመንደሩ የሚኖር ሁሉ በየቀኑ አቡነ ዘበሰማያትን፥ የእመቤታችንን ሰላምታና ጸሎተ ሃይማኖትን ስለ መሥራቹና ስለ ቤተ ሰቡ እንዲጸልይ ታዘዘ። ለነገሥታት በመቶ ሺህ የሚቈጠር ጉልደን የሚያበድር ሰው ከሸማኔ በዓመት አንድ ጉልደን መቀበሉ ስለ ትርፍ አለመሆኑ ግልጽ ነው። ከሥራው እንደሚታየው፥ ቤቱ በነጻ ቢሰጥ ኖሮ ተቀባዩ ተመጽዋች ብቻ በሆነ ነበር። አንዷ ጉልደን ግን ተከራይ አደረገችው፤ የሚከፍለው ትንሽ ቢሆንም ከፍሎ የሚኖር ሰው ነው። ጸሎቱም ቢሆን ለመሥራቹ ታላቅ ዋጋ ነበረ፤ ባለጸጋው ከድኻው የሚለምነው ነገር እንዳለው በሥርዐት ጽፎ አምኗልና።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ኪራዩ በቍጥር ስለ ተወሰነ የገንዘብ ዋጋ እየወደቀ በሄደ መጠን ለድኻው የሚደረገው እርዳታ እያደገ ሄደ። ጉልደን ቀርቶ ማርክ ሲተካ ኪራዩ ተመንዝሮ 1 ማርክ ከ72 ፕፌኒግ ሆነ፤ ማርክ ቀርቶ ዩሮ ሲመጣ ደግሞ 88 ሳንቲም ሆነ። ዛሬ በ67 ቤቶች፥ በ140 መኖሪያዎች ውስጥ 150 ያህል ሰዎች ሲኖሩ እያንዳንዱ ተከራይ ለዓመቱ የቤት ኪራይ የሚከፍለው ይህንኑ 88 ሳንቲም ነው፤ ለማሞቂያና ይህን ለመሰለው የሚወጣውን ግን ለብቻው ይከፍላል።

ይህ እርዳታ ምን እንደሚያደርግ ለማየት አንድ ቤተ ሰብ ይበቃል። በ17ኛው መቶ ዓመት በአውግስቡርግ ፍራንዝ ሞዛርት የሚባል የግንበኞች አለቃ ነበረ። የሌላውን ቤት ሲሠራ ኖሮ ለራሱ ድኽነት ያዘው፤ በ1681 ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ፉገራይ ገባ፤ በ1694 እስኪሞትም በዚያው ኖረ። ሲገባ ልጁ ዮሐንስ ጊዮርጊስ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረ። ያ ሕፃን አድጎ በዚያችው ከተማ የመጽሐፍ ጠራዥነትን ሥራ ተምሮ ባለ ሙያ ሆነ፤ እርሱም በ1719 ሊዮፖልድን ወለደ፤ ሊዮፖልድም የዜማ መምህር ሆኖ በ1756 በዓለም ሁሉ ስሙ የታወቀውን ባለ ዜማ ቮልፍጋንግ ሞዛርትን ወለደ። ከዚህ ተነሥቶ ያ መንደር ባይኖር ቮልፍጋንግ ባልተወለደ ነበር ማለት አይቻልም፤ ይህን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። የታወቀው ግን ፍራንዝ ቢደኸይም ልጆቹ ከጣሪያ በታች ማደጋቸው ነው። ቤት ማጣት በአባት ላይ ብቻ አያበቃም፤ ልጅን ከትምህርት፥ ከሙያና ከጎረቤት ይለያል። ከቤት አለመውጣትም እንደዚሁ ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ሆኖም ይህን ሥራ የሚያመሰግን ሰው ሌላውን ገጽ ሊሸፍን አይገባውም። የፉገር ገንዘብ ሁሉ በንጹሕ መንገድ የመጣ አልነበረም። ለኀጢአት ስርየት ደብዳቤ በጀርመን ከሕዝቡ የተሰበሰበውን ገንዘብ ወደ ሮም ያስተላልፍ የነበረው የእርሱ ቤት ነበረ፤ ማርቲን ሉተርም ይህን ነገር ተቃውሞ በ1518 ወደ አውግስቡርግ በተጠራ ጊዜ በካርዲናል ካዬታን ፊት የተመረመረው በፉገር ቤት ውስጥ ነው። በ1525 የጀርመን ገበሬዎች በጌቶቻቸው ላይ በተነሡ ጊዜም ገበሬዎቹን ለወጋው ጦር ገንዘብ ከሰጡት አንዱ ይኸው ያዕቆብ ነበረ፤ በዚያውም ዓመት መጨረሻ ሞተ። በአንድ እጁ ለሸማኔው ቤት ሠራ፤ በሁለተኛው እጁ ገበሬውን ለሚያስጨንቁት ኀይል ሰጠ። መንደሩም ራሱ ጠባብ ነበረ። ለማኝ አይቀበልም፤ የአውግስቡርግ ልጅ ያልሆነ አይገባም፤ ካቶሊክ ያልሆነም አይገባም፤ ከሉተር በኋላ ግን ከከተማው ሰው አብዛኛው ካቶሊክነቱን ትቶ ነበር። በ30000 ሰዎች መካከል ከመቶ ጥቂት የሚበልጡ ቤተ ሰቦች መዳናቸው መልካም ነው፤ በውጭ የቀሩትን ግን አላዳነም።

እንዲህም ሆኖ የመሠረቱ ጽናት ያስደንቃል። በ1632 በሠላሳው ዓመት ጦርነት ስዊድኖች ከተማዋን በያዙ ጊዜ መንደሩ ተጐዳ፤ ሆኖም ተጠገነ። በ1944 በየካቲት 25 ሌሊት የአውሮፕላን ቦምብ በአውግስቡርግ ላይ ሲዘንብ ከመንደሩ አብዛኛው ፈረሰ። እሳቱ ገና በጠፋበት ሰሞን፥ መጋቢት በባተ በመጀመሪያው ቀን፥ የፉገር ቤተ ሰብ ጉባኤ መንደሩ እንደ ገና እንዲሠራ ወሰነ፤ ከጦርነቱ በኋላም ቀድሞ እንደ ነበረ ሆኖ ተሠራ፤ ቦታም ተጨምሮለት ቤቶቹ በዙ። ይህ ሊሆን የቻለው መሥራቹ ቤት ሠርቶ ብቻ ስላልሄደ ነው። ለጥገናው የሚሆን ሀብት አብሮ ለይቶ አስቀምጦ ነበር፤ ያም ሀብት ኋላ በመሬትና በደን ላይ ዋለ። ዛሬም የፉገራይን ጣሪያ የሚያስጠግነው ከሁሉ ይልቅ የእንጨት ሽያጭ ነው፤ መንደሩን ለማየት የሚመጣ እንግዳ የሚከፍለውም ይታከልበታል። ለነገሥታት ያበድር የነበረው የፉገር የንግድ ቤት ግን የስፔን ነገሥታት ዕዳቸውን መክፈል እያቃታቸው በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ተዘጋ። ለንጉሥ የተበደረው ጠፋ፤ ለድኻ የተሰጠው ቀረ።

መንደሩ ሊደርስበት ወዳልቻለው ወደ ሰፊው ሕዝብ ጀርመኖች የደረሱት በሕግ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተሞቹ ፈርሰው ቤት እጅግ ብርቅ ሆኖ ነበር። ቤት እየተሠራ የኪራይ ገደብ እየላላ ሲሄድ ኪራይ ከብዙ ሰው ገቢ በላይ ሆነ፤ ስለዚህ በምዕራብ ጀርመን በ1965 «የቤት ገንዘብ» የሚባለው ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ ሠርቶ የሚኖር ነገር ግን ገቢው ለኪራይ የማይበቃው ሰው ከመንግሥት ድርጎ ያገኛል፤ ልኩም በቤተ ሰቡ ቍጥር፥ በገቢውና በኪራዩ መጠን ይወሰናል። ሰውየው ከሰፈሩ አይነሣም፤ ሃይማኖቱም የየት አገር ልጅነቱም አይጠየቅም፤ የሚቀበለው እንደ ምጽዋት ሳይሆን እንደ ተገቢ መብቱ ነው። ሕጉ ዛሬም ይሠራል፤ በ2023 ለብዙ ተጨማሪ ቤተ ሰቦች እንዲደርስ ተስፋፍቷል።

ሁለቱ መንገዶች አንዱ የሌላውን ጕድለት ያሳያሉ። የፉገር መንገድ ጠባብ ነው፤ ነገር ግን ቤቱ የመሠረቱ ንብረት ስለ ሆነ ኪራዩን የሚያስወድደው የለም። የሕጉ መንገድ ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ገንዘቡ በተከራዩ እጅ አልፎ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል፤ ቤት ባነሰ ቍጥርም ኪራዩ ይንራል፤ ድርጎውም ከኋላው ሲሮጥ ይኖራል። እንግዲህ ለድኻው የሚያስብ ከተማ ኪራዩን መደገፍና ቤት መሥራትን ሁለቱንም አብሮ ሊይዝ ይገባዋል። የሁለቱም ሥር ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ሰውን ገና ደጁን ሳያጣ፥ ስሙንም ሳይጥል መድረስ ነው።

በፉገራይ እስከ ዛሬ የሚጠበቅ አንድ ልማድ አለ። የመንደሩ በሮች በየምሽቱ በ4 ሰዓት ይዘጋሉ፤ አንዱ በር ብቻ በዘበኛ ይጠበቃል። ከ4 ሰዓት በኋላ የሚመጣ ነዋሪ ለዘበኛው 50 ሳንቲም፥ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ያለፈው አንድ ዩሮ ይከፍላል፤ ከፍሎም ወደ ቤቱ ይገባል። የዘገየ ሰው ጥቂት ይቀጣል እንጂ በውጭ አያድርም።