«ማን?» ብዬ ብጠራ

መጽሐፍ ካልጠፋ ዋጋው አይታወቅም። እኔም የማኑዋልን ዋጋ ያወቅሁት በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ ቡልቡላ ላይ ነው።

በመጋቢት በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ላፕቶፔን ታቅፌ ቤተሰቦቼ ዘንድ ገባሁ። ሰኔ 22 ቀን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግስቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ሦስት ሳምንት ያህልም ጠፍቶ ቆየ። እኔ ደግሞ የጀመርሁት ፕሮግራም ነበረኝ። «ግድ የለም፣ የሊኑክስ መምህሩ ከውስጡ ነው» አልሁና «ማን» የሚለውን ትእዛዝ ጻፍሁ። መልሱ አንድ መስመር ብቻ፦ የማኑዋል ገጽ የለም። ሌላም ሞከርሁ፤ ያው ነው። «ማን?» ብዬ ብጠራ ማንም የለም!

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። ሊኑክስ ይህን ልማድ የወረሰው ከዩኒክስ ነው፤ ዩኒክስ የተወለደው ደግሞ አሜሪካ፣ በቤል ላቦራቶሪዎች። የመጀመሪያው ማኑዋል የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ነው። የጻፉት ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ሲሆኑ፣ ይጻፍ ብሎ የወተወታቸው ዳግላስ ማኪልሮይ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ሥራቸውን በቃላቸው ያውቁታል፤ ታዲያ ለማን ጻፉት? ለማያውቀው ነዋ! «ጉድለት» የሚል ርእስም አበጁና የገዛ ሥራቸውን ነውር በገዛ እጃቸው መዘገቡ። «ባለቤት» በሚለው ርእስ ሥርም የሚጠየቀው ሰው ተመለከተ። ኋላ ገጾቹ ከማሽኑ ጋር አብረው ይኖሩ ጀመር።

የእኔዎቹ ታዲያ የት ሄዱ? የሚቀመጡበትን ማኅደር ከፈትሁ፤ ዩኤስአር፣ ከውስጡ ሼር፣ ከውስጡ ማን። አድራሻው ትክክል ነው፤ ቤቱ ግን ባዶ። የጥቅል መጫኛውን ደንብ ባነብ «ወደዚህ ማኅደር የሚገባውን አትጻፍ» ይላል። ነገሩ ያኔ ገባኝ፦ ዲስኬ ጠባብ ስለነበር የተቀነሰውን ዓይነት የጫንሁት ራሴ ነኝ። ቦታ ለመቆጠብ ሠራተኛው ቀርቶ መምህሩ ተሰናብቷል። መመለሻው በኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔቱስ የታለ?

መንገድ ሲከፈት ባቱ ካለ ጓደኛዬ ማኅደሩ በፍላሽ መጣልኝ። ገለበጥሁት፤ «ማንዲቢ» በሚባለው ትእዛዝ ማውጫውን አደስሁ፤ ወደፊት የሚጫን ጥቅል ገጹን ይዞ እንዲገባም ያንን ደንብ ሰረዝሁ። ጥቂት ገጾች ከእኔ ቅጂ ጋር ባይስማሙም አብዛኛው ሠራ።

የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብያታ ይወርዳል። በዚያው ሐይቅ፣ ቱሉ ጉዶ ደሴት ላይ፣ ደብረ ጽዮን አለች። በዮዲት ጉዲት ዘመን ካህናት ታቦትና መጻሕፍት ይዘው ከአክሱም ወደዚያ እንደሸሹ በትውፊት ይነገራል። መጽሐፍ የሚሸሸገው ለክፉ ቀን መሆኑን አበው አልሳቱትም። እኛ ግን ዕውቀታችንን ሁሉ በአንድ ገመድ አንጠልጥለን እንተኛለን።

አንባቢ ሆይ፣ ኔትወርክ ሳለ ማሽንህን ክፈትና «ማን» በል። መልስ ካጣህ ዛሬውኑ ሙላ፤ ክፉ ቀን እኮ ቀጠሮ አይሰጥም።