ክረምቱ ሲከፋ ቢራቢሮን ማን ቆጠራት?

ዝናቡ አልፎ መስከረም ሲጠባ «ዘንድሮ ቢራቢሮ የለም» የሚል ሰው አይጠፋም። አጠገቡ ያለው ደግሞ «ዘንድሮ ብቻ መሰለህ? እየጠፋ እኮ ነው!» ይለዋል። ክርክሩ እዚያው ያበቃል። አንዱም ማስረጃ የለውማ!

አውቃለሁ፤ በዚህ ኑሮ ላይ ስለ ቢራቢሮ መጻፍ ቅንጦት ይመስላል። እስኪ ግን ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ቁልቁል ወርደን ሳንጃ እንድረስ። ሳንጃ የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ቆላ ነው፤ እህሉ ማሽላና ሰሊጥ። የሰሊጥ ጠባይ ደግሞ አስቸጋሪ ነው፤ ዝናብ ይፈልጋል፣ ውሃ ሲተኛበት ግን ይሞታል። በጥቁር መሬት ላይ ዝናቡ ሳያባራ ከከረመ ሥሩ ይታፈናል፣ ተክሉም ይጠወልጋል። ስለዚህ እዚያ «ክፉ ክረምት» ማለት ዝናብ የቀረበት ብቻ አይደለም፤ ዝናብ አላቆም ያለበትም ነው። እንዲህ ያለው ክረምት ገበሬውንም ቢራቢሮዋንም ይጎዳል። የገበሬው ጉዳት በኩንታል ይነገራል። የቢራቢሮዋስ?

እኔ እንደሚመስለኝ እኛ ነፍሳትን የምንቆጥረው ሲጎዱን ብቻ ነው። የጎንደርን ታሪክ ያገላበጠ ሰው ይህንን ደጋግሞ ያገኘዋል።

ዝናቡን የለካው ሰው

ክረምትን በመመልከት ማንም አይቀድመንም። የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ጊዜ ዘመነ ክረምት ይለዋል። እሱንም ከፋፍሎ ዘሩንና ደመናውን፣ መብረቁንና ነጎድጓዱን፣ ወንዙን፣ የቁራ ጫጩቱን ሳይቀር በየተራ ያስባል። ከመስከረም 26 ጀምሮ ደግሞ ዘመነ ጽጌ ይገባል። እንዲህ ያለ አቆጣጠር ያለው ሕዝብ «ተፈጥሮን አያስተውልም» ሊባል አይችልም። ነገር ግን ይህ አቆጣጠር የሚነግረን ክረምት በየዓመቱ እንዴት እንደሚመላለስ ነው። የዘንድሮው ከአምናው በምን እንደተለየ ለማወቅ ዓመት በዓመት የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል።

በጎንደር ይህን ከሞከሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ ዝናቡን በማጥለያ እየሰበሰበ ለካ። በዚያ ዓመት 35 ኢንች ተኩል ገደማ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ቁስቋም ላይ 41 ኢንች ገደማ መዝግቧል። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። እ.ኤ.አ. 1771 እኮ ጎንደር በራስ ሚካኤል ስሑልና በተቀናቃኞቹ ጦርነት የምትታመስበት ዓመት ነው። ከተማዋ በጭንቅ ላይ ሳለች አንድ ሰው የጠብታ ሒሳብ ይዟል! ዛሬ ስለዚያ ዘመን ክረምት በቁጥር የምናወራው በእሱ ሒሳብ ነው።

ብሩስ ስለ ነፍሳትም ጽፏል፤ የጻፈው ግን ስለሚናከሱት ነው። በቆላው ጥቁር መሬት ላይ ዝናቡ እንደጀመረ አንድ ዝንብ ይነሣል፣ ከብቱን ያሳብዳል፣ ዘላኖቹም መንጋቸውን እየነዱ ወደ አትባራ አሸዋ ይሸሻሉ ይላል። የዝንቡን ስዕል በመጽሐፉ አትሞ ስሙን «ዚምብ» ብሎ ጻፈው። (ያው የእኛው ዝንብ መሆኑ ነው!) ከብት የሚያሸሽ ዝንብ በታሪክ ገባ፤ ቢራቢሮዋ ቀረች።

የጎመን ቢራቢሮና የሁለት ሰው ሞት

ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ ቢራቢሮም ተራዋ ደረሰ። የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ቴዎፊል ለፌቭር እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1843 በአገራችን ሲዘዋወር ሁለት የተፈጥሮ አጥኚ ሐኪሞችን ይዞ ነበር፤ ካርታን ዲዮንና ፔቲ። ሁለቱም አገራቸው አልተመለሱም። አንዱን የመረብ ሸለቆ ንዳድ ገደለው፤ ሌላውን ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። የተሰበሰቡት ነፍሳት ግን ፓሪስ ገቡ፤ ገራን መንቪል የተባለ ሊቅም እ.ኤ.አ. በ1849 ከእነዚያ መካከል አንዲቱን ነጭ ቢራቢሮ «ፒየሪስ ብራሲኮይደስ» ብሎ ሰየማት። ትርጉሙ «የአውሮፓዋን የጎመን ቢራቢሮ የምትመስል» እንደማለት ነው። በደጋችን የምትበር፣ ልጆቿ ጎመንና የጎመን ዘመዶችን የሚበሉ ቢራቢሮ ናት።

ነገሩ ያስገርማል። ስሟን በላቲን የሰጧት ሰዎች አሉ፤ በመርፌ ወግተው በሣጥን ያስቀመጧትም አሉ። ነገር ግን አንድ በመርፌ የተሰካ ቢራቢሮ የሚነግረን «እዚህ አገር ነበረች» የሚለውን ብቻ ነው። ስንት ነበረች? በየትኛው ክረምት በዛች? በየትኛው አነሰች? ሣጥኑ መልስ የለውም።

በእኛ ወገን ደግሞ የተጻፈው ትሉ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራው የከብት እልቂት ነው፤ በሬው አለቀ፣ ማሳው ጦም አደረ። ዝናቡም ከዳ። በዚያ ላይ የተረፈችውን ቡቃያ አንበጣና ተምች ጨረሱት። ጎንደር በጥር 1880 ዓ.ም. በደርቡሾች ተቃጥላ ስለነበር መከራው ድርብ ሆነባት። ተምች ሲያድግ የሚሆነው ቢራቢሮ ሳይሆን ዘመዷ የእሳት እራት ነው። ሁለቱም ግን ኑሯቸውን የሚጀምሩት ቅጠል በሚበላ አባጨጓሬነት ነው። የበላን ታሪካችን ውስጥ ተጻፈ፣ ያልበላን ተረሳ።

የቅርብ ጊዜውም እንደዚሁ ነው። የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም አንዱ ምክንያት በደምቢያ ሜዳ ብዙ ሕዝብ የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። አንድ ዩኒቨርሲቲ ትንኝ ቆሰቆሰው ብንል ማጋነን አይሆንም። በ2009 ዓ.ም. መጤ ተምች አገራችን ሲገባም የእሳት እራቱን በሽታ የሚስብ ወጥመድ ተተክሎ በየወጥመዱ የገባው ይቆጠር ጀመር። ስለዚህ መቁጠር አያቅተንም። የምንቆጥረው ግን ጠላትን ብቻ ነው።

ዝናብ ሲበዛ ምን ይሆናል?

ቢራቢሮ የራሷ ምድጃ የላትም። ፀሐይ ሰውነቷን ካላሞቀላት መብረር አትችልም፤ ካልበረረች አበባ አትቀስምም፣ አትጋባም፣ እንቁላል አትጥልም። ሰማዩ ሳምንት ሙሉ ከተዘጋ ከአጭር ዕድሜዋ ላይ ብዙው ቅጠል ሥር ተጠልላ ያልቃል። አባጨጓሬዎቹም በእርጥበት ሻጋታና በሽታ ይበዛባቸዋል። በሌላ በኩል ዝናብ ባይኖር ለምለም ቅጠል የለም፤ ቅጠል ከሌለ ደግሞ አባጨጓሬ የለም። ስለዚህ ዝናብ በልኩ ሲሆን ያበዛታል፣ ሲያልፍ ያሳንሳታል። ልክ እንደ ሰሊጡ!

አንድ ክፉ ክረምት ግን ዘር አያጠፋም። የሚቀጥለው ዓመት ብራ ከበዛ ቁጥሯ ሊመለስ ይችላል። የሚያስፈራው ሌላው ዓይነት መቀነስ ነው፤ ጫካው ተመንጥሮ፣ ዳር ዳሩ ያለው ሣርና አበባ ታርሶ፣ መድኃኒት ተረጭቶ የሚመጣው። እሱ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ስለሆነ ዓይን አይገባም። ሁለቱን የሚለየው ደግሞ የብዙ ዓመት መዝገብ ብቻ ነው።

እንግሊዞችን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች በየሳምንቱ በአንድ በታወቀ መንገድ እየሄዱ ያዩትን ቢራቢሮ ይጽፋሉ። በ2012 (በእነሱ) በጋቸው በዝናብ ሲበላሽ ቁጥሩ ከተጀመረ ወዲህ ዝቅተኛው ሆነ፤ በ2013 ፀሐይ ስትወጣ ብዙዎቹ አገገሙ። በ2024 እንደገና እርጥብ ዓመት መጣና ሕዝቡ በሚሳተፍበት የበጋ ቆጠራ እስከዚያ ያልታየ ዝቅተኛ ቁጥር ተመዘገበ። ያን ጊዜ የቢራቢሮ ጥበቃ ድርጅታቸው «የአደጋ ጊዜ» ብሎ ያወጀው በዝናቡ ብቻ ደንግጦ አይደለም። ከዝናቡ በስተጀርባ ለአሥርተ ዓመታት የዘለቀ መቀነስ መኖሩን ከመዝገቡ ስላወቀ ነው። ዝናቡን ከሌላው ጥፋት ለይቶ የመውቀስ መብት ያገኙት በደብተር ነው።

እኛ ይህ መብት የለንም። ሳንጃ ላይ ቢራቢሮ ቢያንስ «ክረምቱ ነው» እንላለን፤ ወይም «ዘመኑ ነው» እንላለን። ሁለቱም ግምት ነው። ግምት ደግሞ ለቢራቢሮዋ ብቻ ሳይሆን ለገበሬውም አይበጅም። ቢራቢሮዋን የሚያሳጣው የሣርና የአበባ መመንጠር ሰሊጡን የሚጎበኙትን ንቦችም ያሳጣል።

«በዚህ ጊዜ? በዚህ ሁኔታ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ጦርነት ምን እንዳደረገ አልረሳሁም። አጥኚ ከሩቅ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ጊዜ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ለዚህም ነው ሥራው የነዋሪው የሚሆነው። ከደጅ ርቆ መሄድ አያስፈልግም፤ ጓሮ ይበቃል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ፀሐይ ወይም ደመና መሆኑን፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ስንት ቢራቢሮ እንዳለፈና ቀለሙን መጻፍ ነው። የላቲን ስም አይጠየቅም፤ «ነጭ፣ ጎመን ላይ ያረፈች» ይበቃል። የትምህርት ቤት ልጅ ይችለዋል። ብቻ በሚቀጥለው ዓመት፣ በዚያው ሳምንት፣ እዚያው ቦታ ይደገም።

ብሩስ ዝናቡን የለካው በማጥለያ ነበር። ደብተርና እስክሪብቶ ከዚያ አይከብድም። የዛሬ ሃያ ዓመት ሁለት ሰዎች መስከረም ላይ «ቢራቢሮ ጠፋ፣ አልጠፋም» ብለው ሲከራከሩ ሦስተኛው ደብተር አውጥቶ ያስታርቃቸው።

ቸር ይግጠመን።