ቆላ ወርዶ ያደረ ደም

ደብረ ሲና ደጋ ናት። ቁልቁለቱን ይዘው ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ግን አገሩ ቆላ ነው፤ ማሽላው፣ ሽንኩርቱ፣ ማንጎው እዚያ ነው፤ ንዳዱም እዚያ ነው። በላቦራቶሪ ባለሙያነት በሠራሁበት ዘመን ከመስከረም እስከ ኅዳር እየተንቀጠቀጠ የሚመጣውን ሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው «ቆላ አድረሃል?» ብዬ ነበር። አባቶቻችን ቆላ ማደርን የሚፈሩት ያለ ነገር አልነበረም፤ ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ ይበልጡን የምትናከሰው በሌሊት ነው።

ማይክሮስኮፕ ሳይመጣ በሽታው የሚታወቀው በግለቱና በቀን ቆጠራ ነበር። ቫይቫክስ የተባለው ወባ ቀን እየዘለለ ይነሳል፤ ሽማግሌዎቹ ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል። ነገር ግን ተስቦም ያተኩሳል፣ ግርሻም ያተኩሳል፤ በግለት ብቻ አይለዩም። እ.ኤ.አ. በ1958 የወባ ወረርሽኝ ደጋ ቀመስ አገሮችን ሳይቀር ሲያዳርስ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታምሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው በማግስቱ ዓመት ነው።

እኔ የማምነው በማይክሮስኮፕ የሚታየውን ስላይድ ነው። ጣት ይወጋል፤ ከደሙ ወፍራምና ስስ ቅብ ይሠራል፤ በጊምሳ ቀለም ተነክሮ ይታጠባል፤ ይደርቃል። ወፍራሙ ተውሳክ መኖሩን፣ ስሱ ዓይነቱን ይነግራል። የግርሻ ጀርምም ቢኖር እንደ ተጠማዘዘ ክር ሆኖ እዚያው ላይ ይታያል። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ደሙን ደግሞ ማየት ነው፤ የተውሳኩ ቁጥር ካልወረደ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው።

ፈጣኑ መመርመሪያ ሲመጣ መብራትና ማይክሮስኮፕ ለሌለው ጤና ኬላ ትልቅ እፎይታ ሆነ፤ ይህን አልክድም። አብዛኛው የሚፈልገው ግን ተውሳኩን ራሱን ሳይሆን ፋልሲፓረም የተባለው ሌላው የወባ ተውሳክ ደም ውስጥ የሚተወውን ኤች አር ፒ 2 የተባለ ፕሮቲን ነው። በሽተኛው ከዳነ በኋላም ፕሮቲኑ ለሳምንታት ስለሚቆይ ሕክምናን ለመከታተል አይሆንም። የባሰው ሌላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ የድንበር ወረዳዎች ፕሮቲኑን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው ተውሳኮች መኖራቸውን አሳየ። በእነዚህ የታመመን ሰው መመርመሪያው «ነፃ ነህ» ብሎ ሊሸኘው ይችላል። በጂኑ መጥፋት ምክንያት ከመመርመሪያው የሚያመልጡት ሕሙማን ከ5 በመቶ ሲያልፉ መመርመሪያው በሌላ እንዲተካ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል።

ስለዚህ ለወጣቶቹ ባለሙያዎች አጥብቄ የምነግራቸው አለ። ማሽላ ሊያጭድ ወርዶ የተመለሰ ሰው ሲያተኩሰው፣ መመርመሪያው ነፃ ነው ቢልም ስላይድ ሥሩለት፤ ያ ነፃ ከሆነም በማግስቱ ጠርታችሁ ሌላ ሥሩ።