ኋላዋ ከፍ ያለ ቮልስዋገን

ከአባቴ የወረስኳት ቮልስዋገን ኋላዋ ወደ ላይ የቆመ ነው፤ ከጎን ሲያዩዋት ውኃ ልትጠጣ ያጎነበሰች ላም ትመስላለች። ለዓመታት ይህን እንደ መልኳ ቆጥሬ ኖሬያለሁ። ባለፈው ክረምት ግን ዝናብ ባረጠበው ኩርባ ላይ ኋላዋ ተንሸራትቶ ከእጄ ልታመልጥ ስትል ቁመቷን መመርመር ጀመርኩ። ምርመራው ካሰብኩት በላይ ሩቅ ወሰደኝ።

ጣሊያን ለጋራዦቻችን ሞላንና ባሌስትራን ከነስማቸው ትቶልን ሄዷል። ሁለቱም ጎንበስ ብሎ ላያቸው ይታያሉ። ቮልስዋገንን ከኋላ የሚሸከማት ግን ከዓይን የተሰወረ ነው። ፈርዲናንድ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1931 የፈጠራ መብት ባስመዘገበበት ዘዴ መሠረት፣ በግራና በቀኝ አንዳንድ የብረት ዘንግ በአግድም ቱቦ ውስጥ ተጋድሟል። የዘንጉ የውስጥ ጫፍ መሐል ላይ ተይዞ አይነቃነቅም፤ የውጭ ጫፉ ጎማውን ከያዘው ክንድ ጋር ተጋጥሟል። ጎማው ሲነሣ ዘንጉ ይጠመዘዛል፤ ተጠምዝዞም ወደ ነበረበት ሊመለስ ይታገላል። መኪናዋ የቆመችው በዚህ ትግል ላይ ነው። መጻሕፍቱ ቶርሽን ባር ይሉታል፤ መካኒኬ «ብረቱ» ብቻ ይሉታል፣ በመኪናዋ ውስጥ ሌላ ብረት የሌለ ይመስል።

ቁመቱን ለመለወጥ የሚጠብቅ ወይም የሚላላ ቡሎን የለም። የዘንጉ ጫፎች ጥርስ አላቸው፤ የውስጡ 40፣ የውጪው 44። በውስጥ በኩል አንድ ጥርስ መዝለል 9 ዲግሪ ነው፤ በውጭ በኩል ግን ከ8 ዲግሪ ጥቂት ይበልጣል። ውስጡን አንድ ጥርስ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ውጪውን አንድ ጥርስ ወደ ተቃራኒው ያዞረ ሰው የሚያተርፈው አንድ ዲግሪ የማይሞላ ልዩነት ነው፤ ጎማው ዘንድ ሲደርስ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን ትንሽ ነገር ከሁለት ትልልቅ ነገሮች ልዩነት ያወጣውን አእምሮ አደንቃለሁ። አድናቆቴ ግን ሙሉ አይደለም። የፋብሪካውን የመሠረት ድንጋይ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1938 ያኖረው ሂትለር ነው፤ በጦርነቱ ጊዜም ፋብሪካው በግዳጅ የተጋዙ ሰዎች የደከሙበት ሆኗል። ሳምንት እየቆጠቡ መኪና እንደሚያገኙ ቃል የተገባላቸው ጀርመናውያንም ከዚያ መንግሥት እጅ አንዲት እንኳ አልተረከቡም።

እኛ ዘንድ የዚህች መኪና ኋላ የሚታወሰው በሌላ ነገር ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጠዋት፣ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ከዙፋን መውረዳቸው የተነበበላቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ 4ኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ሮልስ ሮይስ ለለመዱ የ82 ዓመት አዛውንት የቀረበችው ይህች ሁለት በር ብቻ ያላት መኪና ናት። ከኋላ ለመቀመጥ የፊተኛው ወንበር ወደ ፊት ይታጠፋል፤ የሚገባው ሰውም፣ ማንም ይሁን ማን፣ ጎንበስ ይላል። እጅ ሲነሣላቸው የኖሩት ንጉሠ ነገሥት በዚያች ጠባብ ክፍተት አለፉ። ዘንጎቹ የተጋደሙት ከኋላው መቀመጫ ሥር ስለሆነ ከሥራቸው ተጠማዝዞ የተሸከማቸው ያ የማይታይ ብረት ነው። ንጉሡ በአካል ትንሽ ነበሩና ብረቱ ብዙም የተሰማው አይመስለኝም።

መኪናዋ ሆን ተብሎ ለማዋረድ ተመረጠች የሚሉ አሉ፤ በከተማው ስለምትበዛ ዓይን አትስብም ተብሎ ነው የሚሉም አሉ። እኔ የመኮንኖቹን ልብ አላውቅም። ውርደቱን ግን ያየ ሁሉ አንብቦታል፤ ታሪክም የያዘው ንባቡን ነው። ቀለሟን የጠየቅኋቸው ሽማግሌዎች ሁሉ የየራሳቸውን ነገሩኝ።

መካኒኬንም ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ ንጉሡ ሲወሰዱ አይተው ነበር?»

«እኔስ አላየሁም» አሉ ጎማውን እየፈቱ። «አሁን ግን ያላየ ሰው ጠፍቷል።»

ክንዱን በረጅም ብረት ከማረፊያው ፈልቅቀው ሲያላቅቁት ወደ ታች ተወርውሮ ጮኸ፤ እጅ ቢያገኝ የሚምር አይደለም። ከቅባቱ ሥር፣ በመሮ የተጫሩ ሁለት ምልክቶች ታዩ። አንደኛው የፊተኛው ቁመት ነበር፤ ሁለተኛው የአባቴ። ቤተሰቡን ከነጓዙ ጭኖ በጠጠር መንገድ በሚመላለስበት ዘመን ያስነሣት እርሱ ነው። ከፍታዋም ባዶዋን በአስፋልት ለምነዳት ለእኔ አደጋ ሆነ፤ በእነዚህ አሮጌ ቮልሶች ኋላው ከፍ ባለ ቁጥር ጎማዎቹ ከታች ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ኩርባ ላይም መሬቱን በጠርዛቸው ይይዛሉ።

«ፋብሪካው ወዳወጣላት ቁመት ይመልሱልኝ» አልኳቸው።

«ፋብሪካው ያንተን መንገድ መቼ አይቶ ያውቃል ልጄ?»

ከሰፈሬ መውጫ ላይ ያለውን ጉድጓድ አስታወስኩና ዝም አልኩ። በሁለቱም ጎን ውስጡን ሦስት ጥርስ ወደ አንዱ፣ ውጪውን ሦስት ጥርስ ወደ ሌላው አዞሩት። ከአባቴ ምልክት ወረደ፤ ከፋብሪካው ግን አልደረሰም። በመሮ ሦስተኛ ምልክት ጫሩ።

ጎማዎቹ ታስረው ከክሪክ ከወረደች በኋላ ኋላዋን ይዘው ደጋግመው ወዘወዟት። ከዚያም ሜትራቸውን አውጥተው፣ «ባዶ መኪና እውነቷን አትናገርም፤ ከኋላ ግባ» አሉኝ።

የፊተኛውን ወንበር አጠፍኩና ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ከውጭ በጉልበታቸው ተንበርክከው ሲለኩ ይሰማኛል።

«ወደ መሐል ጠጋ በል» አሉ።