ከሸኖ መንገድ እስከ ሮቦት፦ አልጋ የሚቀማው ጉልበት

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት የአበበ ቢቂላ ቮልስዋገን ሸኖ አካባቢ ተገለበጠች። መንገዱ ዛሬም ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በሰንዳፋ በኩል አዲስ አበባ የሚገባው ነው። በሮምና በቶኪዮ ማራቶን ያሸነፉት እግሮች ከዚያ ሌሊት በኋላ አልተራመዱም።

እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሲደርስ ጭንቅላቱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር። በሆስፒታሉ የአከርካሪ ሕክምና ክፍሉን እ.ኤ.አ. በ1944 ያቋቋሙት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ናቸው። ከዚያ በፊት አከርካሪው የተጎዳ ሰው ተኝቶ ሞቱን ይጠብቅ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ የሚገድለውም የአልጋ ቁስልና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነበር። ጉትማን ሕመምተኞቹ እንዲገላበጡ፣ ክንዳቸውን እንዲያሠሩ፣ ቀስት እንዲስቡ አደረጉ። ስፖርቱ መድኃኒት ሆነ። አበበም የእጆቹ ጉልበት ተመለሰለት። በሐምሌ 1962 በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስት ተወዳደረ፤ በ1963 ደግሞ ኖርዌይ ውስጥ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር አሸነፈ።

ይህ ታሪክ የሚወሳው ስለ አካል ጉዳተኞች ስፖርት ሲነሳ ነው። ትምህርቱ ግን ለማንኛውም ዎርድ ይሠራል፦ አልጋ ራሱ ጉልበት ይቀማል። በአዛውንት ላይ ደግሞ ይከፋል። በሳንባ ምች ታመው በእግራቸው የገቡ አባት፣ ሳንባቸው ድኖ እግራቸው ከድቷቸው ይወጣሉ።

የበለጸጉ አገሮች ለዚህ ሮቦት ጭምር አምጥተዋል። የስዊዘርላንዱ ሎኮማት ሕመምተኛውን በቀበቶ ደግፎ በትሬድሚል ላይ እግሩን እያንቀሳቀሰ ያራምደዋል። ማሽኑ አይሰለችም፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም።

ደግነቱ ሁሉ ነገር ሮቦት አይጠብቅም። ስፔን ፓምፕሎና ውስጥ ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 370 ተኝተው ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። በባለሙያ እየታገዙ ጠዋትና ማታ ለጥቂት ቀናት የተንቀሳቀሱት፣ በተለመደው እንክብካቤ ከቆዩት የተሻለ አቅም ይዘው ወጡ።

እኛ ጋ የሚጎድለው ማሽን ብቻ አይደለም። አስታማሚ ሞልቶናል፤ ፍቅሩም አለ። ነገር ግን አክብሮታችን «አይነሱ፣ እኔ አቀብልዎታለሁ» የሚል ነው። ሐኪሙ እስከፈቀደ ድረስ፣ አባትን ክንድ ይዞ እስከ መስኮቱ ማራመድም አክብሮት ነው። ሆስፒታሎችም ለአስታማሚው መድኃኒት ግዛ ብለው ወረቀት እንደሚሰጡት ሁሉ፣ እንዴት ደግፎ እንደሚያስነሳም ቢያሳዩት ብዙ አዛውንቶች በእግራቸው ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር።